«ቲያትር ነው» የተባለው ሥልጠና፦ ክርክር

የማታ ተረኛ፦ ዛሬ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ እኛ ሐኪሞች የታማሚን ሚና ከሚጫወት ሰው ጋር የምንለማመድበትን የንግግር ሥልጠና «ቲያትር ነው፤ ሰው ማናገር በሥራ ላይ ነው የሚለመደው» ብለው ዘጉት። ደሜ ፈላ። በማን ላይ ነው የሚለመደው? እኔ መርዶ መንገር የተለማመድኩት በአንዲት እናት ላይ ነው። ኮሪደር ላይ፣ ቆሜ፣ ስልኬ እየጮኸ። ፊቷ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።

ነባር ሐኪም፦ ያልረሳሻት እውነተኛ ስለነበረች ነው እኮ። ተዋናይ ምንጊዜም ተዋናይ ነው። ተማሪውም ያውቀዋል።

የማታ ተረኛ፦ ስለዚህ እኔ እንድማር እሷ መጎዳት ነበረባት ማለት ነው?

ነባር ሐኪም፦ እንደሱ አላልኩም። ቃል አታስገቢብኝ።

አሰልጣኟ፦ ዶክተር፣ «ተዋናይ» የሚለውን ይተዉት። አሜሪካዊው ሐኪም ሃዋርድ ባሮውስ እ.ኤ.አ. በ1963 ጤነኛ ሰው አሰልጥኖ እንደ ታማሚ ለተማሪዎች አቀረበ። የዚህ ልምምድ ትልቁ ጥቅም ማቆም መቻሉ ነው። ባለፈው አንዱ ሠልጣኝ «አዝናለሁ» አለና ትንፋሽ ሳይወስድ ስለ መድኃኒት ቀጠለ። አስቆምነው። ከዚያችው ቃል እንደገና ጀመረ። አሁን «አዝናለሁ» ብሎ ዝም አለ። ታማሚዋን የምትጫወተው ሴትዮ ቀና አለችና «ልጆቼስ?» አለችው። ፊተኛው ላይ ይህን ጥያቄ የምትጠይቅበት ክፍተት አልነበረም። በእውነተኛ ታማሚ ፊት ማን ወደ ኋላ ይመልሰዋል?

ጠያቂው፦ ልምምዱ ግን ከእውነተኛው ይለያል። የንግግር ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ስቶኮ የእንግሊዝ ፖሊሶችን እውነተኛና የልምምድ ምርመራ በድምፅ ቅጂ አነጻጽራለች። ልምምድ ላይ ሰው ለገምጋሚ ስለሚናገር ነገሩን ያጋንነዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ ጥናትም አለ። ወጣት ሐኪሞች በልምምድ ሠለጠኑ፤ ታማሚዎች ግን አነጋገራቸው ተሻሻለ አላሉም።

ነባር ሐኪም፦ ይኸው!

አሰልጣኟ፦ «ይኸው» ለማለት አይቸኩሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊልያም ሚለርና ባልደረቦቹ ሰውን በንግግር ለለውጥ ስለ ማነሳሳት ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡትን ጥናትም ይዩ። የሁለት ቀን ዎርክሾፕ ብቻ የወሰዱት የተማሩት ሳሳባቸው። ከዚያ በኋላ ግብረ መልስና ክትትል ያገኙት ያዙት። ሥልጠናው አልቆ ማንም ዞር ብሎ ካላያቸው ጥፋቱ የልምምዱ ነው?

ተማሪ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ባልደረባ ፊት መታረም ውርደት ነው። ባለፈው አንዷ አልቅሳ ወጣች።

አሰልጣኟ፦ ያ የአራሚው ጥፋት ነው። መጀመሪያ ራሷ ምን እንዳየች መጠየቅ ነበረበት።

ነባር ሐኪም፦ አሁን ደግሞ አራሚው ጥፋተኛ ሆነ። ሥልጠናው መቼ ነው የሚጠየቀው?

የማታ ተረኛ፦ ዶክተር፣ እርስዎ የመጀመሪያውን መርዶ የነገሩት ለማን ነበር?

ነባር ሐኪም፦ ለአንድ አባት። አሁን እሱን አታንሺው።

የማታ ተረኛ፦ አነሳዋለሁ እንጂ! ሁላችንም አንድ አንድ ሰው አለን።

ተማሪ፦ ሥልጠናው ተሰረዘ ማለት ነው? ሐሙስ ተራዬ ነበር። ሰኞ ደግሞ ዋርድ እገባለሁ።