«ኮሎሲየም» ስም ከመሆኑ በፊት ቅጽል ነበር

ጥያቄ፦ ስለ ሮም የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ ስተረጉም «ኮሎሲየም» የሚለውን ቃል እንደ መጠሪያ ስም ልተወው ወይስ «ግዙፉ አምፊቲያትር» (መቀመጫ ዙሪያውን የከበበው የትርኢት ሕንፃ) ብዬ ልፍታው የሚለው አስቸግሮኛል። የቃሉን አመጣጥ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ቃሉ በላቲን ቅጽል ነበርና። «ኮሎሴዩስ» ማለት «ኮሎሰስን (ግዙፍ ሐውልትን) የሚያህል» ማለት ሲሆን፣ «አምፊቲያትር» በዚያ ቋንቋ ከወንድም ከሴትም ጾታ ውጭ ስለሆነ ቅጽሉ ከእርሱ ጋር ሲስማማ «ኮሎሴዩም» ይሆናል። ነገር ግን ሥሩ የሆነው የግሪክኛው «ኮሎሶስ» በመጀመሪያ መጠንን አያመለክትም ነበር። በሰሜን አፍሪካ በነበረችው የግሪኮች ከተማ በቀሬና በተገኘ ጥንታዊ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ቃሉ የገባው ከእንጨት ወይም ከአፈር ለሚሠሩ የሥርዓት ምስሎች ነው። ቃሉን ከትልቅነት ጋር አጥብቆ ያቆራኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሮድስ ደሴት የቆመው፣ ቁመቱ 33 ሜትር ገደማ የነበረው የፀሐይ አምላክ የነሐስ ሐውልት ነው።

የሮሙ ሕንፃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ80 ዓ.ም. ሲመረቅ በዚህ ስም አይጠራም ነበር። በአቅራቢያው ግን ንጉሠ ነገሥት ኔሮ ያሠራው ትልቅ የነሐስ ሐውልት ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያንም በ24 ዝሆኖች አስጎትቶ ወደ አምፊቲያትሩ አስጠግቶታል ተብሎ ይተረካል። ብዙ ምሁራን ስሙ ወደ ሕንፃው የተሻገረው ከዚህ ሐውልት ነው ይላሉ፤ እኔም ይህን እቀበላለሁ። «እርሱ እስከቆመ ድረስ ሮም ትቆማለች» የሚለው ለእንግሊዛዊው መነኩሴ ለቤዳ የሚሰጠው የመካከለኛው ዘመን ትንቢት እንኳ ቃሉን በወንድ ጾታ ስለሚያስቀምጠው፣ ስለ ሕንፃው ሳይሆን ስለ ሐውልቱ የተነገረ ይመስላል።

ስለዚህ «ግዙፉ» ብለው ቢፈቱት የስሙ ታሪክ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ በሌላ ቦታ ቅጽሉ ብቻውን ቢመጣስ «ግዙፍ» ይበቃዋል?

መልስ፦ በዛሬው አማርኛ በሚገባ ይበቃዋል። ሆኖም «ግዙፍ» ከግእዙ «ገዘፈ» የወጣ ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዛሬም የ«ረቂቅ» ተቃራኒ ሆኖ የሚታየውንና የሚዳሰሰውን ያመለክታል፤ ሥጋ ግዙፍ፣ ነፍስ ረቂቅ እንደሚባለው። ጽሑፍዎ ሃይማኖታዊ ከሆነ አንባቢ በዚያ ፍቺ እንዳይረዳው «እጅግ ትልቅ» ማለቱን እመርጣለሁ።