በወንጌል ኅዳግ ላይ ስሟን ያገኘኋት ሴት የርስታችን ምንጭ ትሆን?

የቢቸና ልጅ (ጠያቂ)፦
የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በ1960ዎቹ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ የተነሡትንና ዛሬ በአሜሪካ፣ ሚኔሶታ የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ በነፃ የሚያሳያቸውን የብራና መጻሕፍት ስመለከት፣ የአያቶቼ አጥቢያ የነበረ ወንጌል አገኘሁ። በኅዳጉ በ7368 ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ በሚቆጠረው)፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ ራስ አዳል ጎጃምን ሲገዙ አንዲት ሴት ርስቷን ለልጅ ልጇ እንዳወረሰች ከነእማኞቹ ተጽፏል። የመሬቱም የወራሹም ስም በቤታችን ከሚነገረው ጋር አንድ ነው፤ የእርሷን ስም ግን ማንም አንሥቶት አያውቅም፤ አባቶቻችን ትውልድ ሲቆጥሩ ከወንድ ወደ ወንድ ብቻ ያልፋሉና። ይህን ማመን ይገባኛልን?

ከደጋ ዳሞት፦
በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ስለነበር ነገሩ እንግዳ አይደለም። አላን ሆበን የተባለው አንትሮፖሎጂስት እኛው ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው ይህንኑ ሥርዓት ነው። ሽማግሌዎችን ስለ ዘር ሐረግ በደፈናው ከሚጠይቁ ይልቅ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር የሚነሡትን ስሞች ይጠይቁ፤ ያ ቆጠራ የእናትን ወገንም ስለሚመረምር በሌላው ጊዜ የሚታለፉት ሴቶች ስም የሚጠራው በዚያ ነው። እኔም የአያቴን እናት ያወቅኋት በዚህ መንገድ ነው፤ እጅግም ደስ ብሎኛል።

የቅኔ ተማሪ፦
ዘመኑ በትክክል ይገጥማል። ከ7368 ላይ 5500 ሲቀነስ 1868 ዓ.ም. ይሆናል፤ ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በተራ ስለሚጠሩ፣ 7368 ለ4 ሲካፈልም ቀሪ ስለሌለው፣ ዘመኑ በእርግጥ የአራተኛው፣ የዮሐንስ ነው። ራስ አዳልም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡት በ1873 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ጸሐፊው «ራስ» ማለቱ ልክ ነው። ስሟ «ወለተ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ግን የክርስትና ስሟ ነውና፣ ቤተሰቡ በዓለም ስሟ ብቻ አስታውሷት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍለጋዎን በአንድ ስም አይወስኑ፤ የነፍስ አባታችሁንም በተዝካር ስለሚነሡት ስሞች ይጠይቋቸው።

የደብረ ማርቆስ አዛውንት፦
ልጄ፣ የርስት ነገር ሲነሣ ሽማግሌ ሁሉ ክርክር የመጣ ይመስለዋል። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆኗልና፣ መሬት ሳይሆን ስም ብቻ እንደምትፈልግ አስቀድመህ ንገራቸው። ወረቀቱንም አትመህ ያዝላቸውና የእማኞቹን ስም አንብብላቸው፤ የእማኞቹ ልጆች ዛሬም በዚያው አጥቢያ ሊኖሩ ይችላሉ።