ስኮትስዴል ላይ በብስክሌት ቀስ ብሎ መዞሪያ የሚያውቅ?

ስንቅ_በጀርባዬ፦

ሰላም ጓዶች። ለፈረንጆቹ ገና እህቴ ጋ ስኮትስዴል፣ አሪዞና ሁለት ሳምንት ልቆይ ነው። እኔ የምኖረው ሚኒሶታ ነው፤ እዚያ በዲሴምበር ብስክሌት የሚታየው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው። (ክረምት ብል ሐምሌ የሚመስለው ስለማይጠፋ ዊንተር እያልኩ ልቀጥል።) የእህቴ ባል ዓመት ሙሉ ያልነካው ብስክሌት ጋራዥ ውስጥ አለው፤ «ውሰጂው፣ አየር ይንካው» ብሎኛል።

ስፖርተኛ አይደለሁም። ጠባብ ቁምጣ ለብሼ፣ አንገቴን ደፍቼ መክነፍ አልፈልግም። ቆም እያልኩ የሰው ግቢ ማየት፣ ቡና ካገኘሁ መጠጣት፣ መንገዱ ወደወሰደኝ መሄድ ነው ያማረኝ። እህቴን «ሰፈሩ ምን ይመስላል?» ብላት «ምን አለው ብለሽ ነው፣ ግንብና ጠጠር ነው» አለችኝ። አምስት ዓመት ኖራበታለች እኮ! ግን ከጋራዥ በመኪና ወጥታ በመኪና ጋራዥ ነው የምትገባው፤ ከጓሮዋ ጀርባ ምን እንዳለ አታውቅም።

የት ልጀምር? ምን ልልበስ? እባብስ?

ጎማ_ለጣፊ፦

ቀላል ነው፣ ኢንዲያን ቤንድ ዋሽ። «ዋሽ» የሚሉት ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚሞላ ደረቅ ወንዝ ነው። በ1960ዎቹ የመንግሥት መሐንዲሶች ይሄን ወንዝ የሲሚንቶ ቦይ ሊያደርጉት አስበው ነበር። የከተማው ሰው አልተዋጠለትም፤ ሣር ይሁን፣ ጎርፍ ሲመጣ ይሙላ፣ ሳይመጣ ደግሞ ሰው ይናፈስበት አለ። ዛሬ 18 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የመናፈሻ ሰንሰለት ሆኗል፤ ኩሬው፣ ጎልፍ ሜዳው፣ ዳክዬው ተከታትሎ ይመጣልሻል። መንገዱ በብዙ ቦታ በአስፋልቶቹ ሥር ስለሚያልፍ መብራት ላይ ብዙም አትቆሚም። ዝናብ ከዘነበ ግን እነዚያ ከድልድይ ሥር ያሉ መተላለፊያዎች ውሃ ይተኛባቸዋል፣ እንዳትገቢ።

ከቻፓራል ፓርክ ተነሺና ወደ ደቡብ ውረጂ። መጨረሻሽ ቴምፒ ታውን ሌክ ነው፤ በደረቀው የሶልት ወንዝ ላይ በ1999 ውሃ ሞልተው የሠሩት ሐይቅ። ግድቡ መጀመሪያ በአየር የሚነፋ ጎማ ነበር፤ በ2010 አንዱ ክፍል ፈነዳና ሐይቁ በአንድ ሌሊት ፈሰሰ። አዎ፣ የሐይቅም ጎማ ይፈነዳል። አሁን በብረት ቀይረውታል።

ልብስ፦ ቀን 19 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሌሊቱን ግን እስከ 7 ይወርዳል። ለሚኒሶታ ሰው ይሄ ብርድ አይባልም፣ ይገባኛል። ቢሆንም ጓንትና ቶሎ የሚወልቅ ጃኬት ያዢ፣ ጥላ ውስጥ ስትገቢ ታመሰግኚኛለሽ። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ውጪ። ፀሐይ 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች (በእኛ አቆጣጠር)።

ቦይ_ለቦይ፦

ወንድሜ ያለው ልክ ነው፣ ግን ቅዳሜና እሁድ ዋሹ ላይ ሯጩ፣ ውሻው፣ ጋሪው መተላለፊያ ያሳጣል። እኔ ብሆን ቦዮቹን ነው የምከተለው። ያ ሰፈር በረሃ ላይ የቆመው በቦይ ነው፤ ውሃውን ከተከተልሽ ሰፈሩ ራሱ ይገባሻል። አሪዞና ካናል የሚባለው ተቆፍሮ ያለቀው በ1885 ነው። ከዚያ ብዙ መቶ ዓመት በፊት ደግሞ ሆሆካም የሚባሉ ሕዝቦች በእጃቸው በመቶ የሚቆጠር ማይል ቦይ ቆፍረው ያርሱ ነበር። የጎረቤቱ ትልቅ ከተማ የፊኒክስም ስም ከዚህ የመጣ ነው፤ ከአመዷ እንደምትነሳው የተረት ወፍ፣ በፈረሰ ከተማ ላይ እንደገና የተነሳ ለማለት ነው።

በዊንተር የመሄድሽ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፦ በዚህ ወራት የቦዮቹን አንዳንድ ክፍል በየተራ አድርቀው ይጠግናሉ። ዕድል ከቀናሽ ባዶ ቦይ ታያለሽ፤ ከሥሩ ጭቃ፣ የገበያ ጋሪ፣ ምኑ ቅጡ። አረም እንዲበሉ ተብለው የሚኖሩ ትልልቅ ዓሦችም አሉ፤ ቦዩ ሲደርቅ ሰብስበው ውሃ ወዳለበት ያዛውሯቸዋል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጠፊና አርካዲያ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ግቢ። ድሮ የብርቱካንና የሎሚ እርሻ ነበር፣ ዛፎቹ ዛሬም በየግቢው አሉ። ሣሩ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን በአፈር የተከተረ ግቢ ካየሽ ቁሚ። ያ ግቢ በጎማ ቱቦ አይጠጣም፤ ተራው ሲደርስ ከቦይ ውሃ ይለቀቅለትና እንደ ኩሬ ይሞላል።

አዲሶቹ ሰፈሮች ውስጥ ግን አትልፊ። ሁሉም መንገድ ዞሮ ዞሮ ግንብ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ኩርንችት_የወጋው፦

ሁላችሁም ዋናውን ረሳችሁት፣ ጎማ! ሀገር ቤት በባዶ እግራችን የረገጥነው ኩርንችት አይደል? ያው ራሱ እዚያም አለ። ከአስፋልት ዳር ያለው ደረቅ አረም ላይ አትውጪ፣ ብስክሌቱንም መሬት ላይ አታስተኚ። ሁለት ትርፍ ከመነዳሪና መንፊያ ያዢ። ዓመት የቆመ ጎማ ደግሞ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ይሆናል፣ ሳትወጪ እዪው።

ማበጠሪያም ያዢ። አትሳቁ! ቾያ የሚባለው ቁልቋል ጫፉ ከነካሽ ተቆርጦ ነው የሚለጠፍብሽ። በእጅሽ ልታወጪው ስትይ እጅሽንም ይይዛል። በማበጠሪያ ነው አስፈንጥሮ የሚጣለው። እባብ በብርዱ ወራት አብዛኛው ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ እሱን ተዪው።

መብራት_አብሩ፦

የአሪዞና ሕግ መኪና ሲያልፍሽ ቢያንስ 3 ጫማ እንዲርቅ ያዛል። ሁሉም ያከብራል አላልኩም። ከመሸ ፊት ለፊት ነጭ መብራት ግዴታ ነው። ከደከመሽ አውቶቡሶቹ ግንባራቸው ላይ የብስክሌት ማሰሪያ አላቸው።

ስንቅ_በጀርባዬ፦

ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም ተባረኩ ብያለሁ፣ ከቦይ_ለቦይ በስተቀር፣ ምክንያቱም ብርቱካን ዛፍ እንጂ መራራ ብርቱካን አላልክም!! መንገድ ዳር ቢጫው ተዘርግፎ ሳይ አንድ አነሳሁ፣ ልጬ አፌ ውስጥ ከተትኩት፣ ፊቴ ተጨማደደ። አንድ ሽማግሌ ከበራፋቸው ሆነው እያዩኝ ኖሯል፤ ሳቃቸውን ጨርሰው ለውበት ብቻ የተተከለ መሆኑን ነገሩኝ፣ ከዚያ ጓሮ ገብተው የሚበላውን ሁለት አምጥተው ሰጡኝ።

ባዶ ቦይ አላገኘሁም። ያንን ዝቅ ያለ ሣር ግን አገኘሁት፣ ከግቢው ጥግ የውሃ መክፈቻው ሳይቀር ይታያል። ኩርንችቱ ሁለተኛው ቀን ላይ ያዘኝ፣ በአንድ ጎማ ሦስት ቦታ። ስነቅለው ፍሬው በትክክል የፍየል ራስ ይመስላል፣ ሁለት ቀንድ አለው። ከመነዳሪውን ቀይሬ ስነፋ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ እጄ ጥቁር ሆነ፣ ደስ አለኝ ብል አታምኑኝም።

የእህቴ ነገር ደግሞ፦ ዋሹ ከጓሯቸው ግንብ ጀርባ፣ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ነው። መንገዱ ጫፍ ላይ ለእግረኛ የተተወች ጠባብ ክፍተት አለች፣ በመኪና የሚያልፍ አያያትም። ወስጄ ሳሳያት ዝም ብላ ቆየችና «ዳክዬ አለ እንዴ?» አለች።

አሁን ችግር ተፈጥሯል። ባሏ ጎማው ተቀይሮ፣ ካቴናው ዘይት ጠጥቶ ሲያይ «እኔም ነገ እወጣበታለሁ» ብሎ ወስዶታል። አራት ቀን ቀርቶኛል። ደቡብ ስኮትስዴል ወይ ቴምፒ ላይ ብስክሌት የሚያከራይ ቤት የሚያውቅ አለ?