ስታርትን ስጫን ሞተሩ አይነሳም፤ ሲሙሌሽን ላይ ግን ይሠራል

ጥያቄ፣ ከፒያሳ
ሰላም ለሁላችሁ። ኤስ7-1200 (የሲመንስ ፒኤልሲ፣ ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) ላይ ላደር (በመስመር የሚሳል ፕሮግራም) እየተለማመድኩ ነው። ኢንፑቶቹ (መግቢያ) አይ0.0 ስታርት፣ አይ0.1 ስቶፕ፤ አውትፑቱ (መውጫ) ኪው0.0 የሞተሩ ኮንታክተር (ኮይሉ ኃይል ሲያገኝ ሞተሩን የሚያበራ ማብሪያ)። ላደሩ ላይ ስታርትን ኤንኦ (ሳይነካ ክፍት)፣ ስቶፕን ኤንሲ (ሳይነካ ዝግ) አድርጌ፣ ስታርትን ስለቅ እንዲይዝ ኪው0.0ን ከስታርት ጋር በፓራለል አስገብቻለሁ። ሲሙሌሽን ላይ እንከን የለውም፤ ቦርዱ ላይ ግን ስታርትን ብጫን ዝም። የሚገርመው፣ ቀዩን ስቶፕ ተጭኜ እንደያዝኩ ስታርትን ስነካ ይነሳል፤ ስቶፑን ስለቀው ይጠፋል። ቀዩ በተን ኤንሲ ነው። ሽቦ አሳስቼ ይሆን?

መልስ 1
ሽቦህ ደህና ነው ወንድሜ። ስቶፑን ሁለቴ ገልብጠኸዋል፤ አንዴ በበተኑ፣ አንዴ በላደሩ። ኤንሲ በተን ሳይነካ 24 ቮልት ስለሚያሳልፍ አይ0.1 ሁልጊዜ 1 ነው (የኢንፑቱን መብራት እየው፣ በርቷል)። የላደሩ ኤንሲ ደግሞ ቢቱ 1 ሲሆን ይቆርጣል። ሲሙሌሽን ላይ አይ0.1 ከ0 ስለሚጀምር ነው የሠራልህ። ላደሩ ላይ ስቶፑን ኤንኦ አድርገው። በተኑን ግን እንዳትቀይር፦ ኤንሲ የሚሆነው ሽቦው ቢበጠስ ወይም ተርሚናሉ ቢላላ ሞተሩ ራሱ እንዲቆም ነው።

መልስ 2
ፓራለል መያዣው ላይ ቆይ፤ ወደ ሴት/ሪሴት (አንዱ አብርቶ የሚይዝ፣ ሌላው የሚያጠፋ ትዕዛዝ) አትቸኩል። በሪቴንቲቭ ኤም ቢት (መብራት ቢጠፋም የማይረሳ ሜሞሪ) ከያዝከው መብራት ሄዶ ሲመጣ ማንም ሳይጫን ሞተሩ ይነሳል፤ እኛ አገር ደግሞ መብራቱን ታውቀዋለህ። የግድ ካስፈለገህ ሪሴቱን ከሴቱ በታች ጻፈው፤ በአንድ ስካን (ፕሮግራሙ አንዴ ከላይ እስከ ታች ሲነበብ) መጨረሻ የተጻፈው ነው የሚያሸንፈው። በዚሁ ምክንያት ኪው0.0ን በኮይል (የላደሩ የውጤት ምልክት) ሁለት ቦታ አትጻፍ። የላይኛው መስመር በርቶ እያየኸው አውትፑቱ ይጠፋብሃል።

መልስ 3
ኮንታክተሩንም እዩት። ኮይሉ 220 ቮልት ከሆነ ሪሌ አውትፑት ያለው ፒኤልሲ ወይም መሃል ላይ የ24 ዲሲ ሪሌ ያስፈልጋል፤ ትራንዚስተር አውትፑቱ 24 ቮልት ዲሲ ብቻ ነው፣ እስከ 0.5 አምፔር። በ24 ዲሲ ኮይል ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ ግጠም፣ ቀለበቱ ወደ ፕላስ፤ አለበለዚያ ኮይሉ ሲጠፋ የሚወረውረው ቮልቴጅ አውትፑቱን ይበላዋል። መርካቶ ስትገዛ ኮይሉ ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ የ220 እና የ380 ኮንታክተር ከውጭ አይለይም፣ የ380ውን በ220 ብታስነሳው ይንጫጫል እንጂ በደንብ አይዘጋም። የኦቨርሎዱን (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲጫነው የሚቆርጠውን ሪሌ) 95-96 እና የኢመርጀንሲ ስቶፑን ኮንታክት ከኮይሉ ጋር በሲሪየስ አስገባቸው። ኢመርጀንሲ ለፕሮግራም ብቻ አይተውም።

ጠያቂው
ላደሩን ቀየርኩት፣ ተነሳ። ዳዮዱ አልነበረውም፤ ነገ እገጥማለሁ።