ስላይዱ ኔጌቲቭ ቁስሉ ግን ቁንጭር ይመስላል፣ ጅማ ላይ ቶሎ የሚደርስ የዲኤንኤ ምርመራ ይቻላል?

የላቧ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ላብና ቆዳ ክፍል ያላችሁ። ጅማ ዞን ውስጥ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ላብ ነው የምሰራው። ከደጋው ቀበሌዎች አፍንጫቸው ላይ ወይ ጉንጫቸው ላይ ወራት የቆየ ቁስል ይዘው የሚመጡ አሉ፣ አያምም አያሳክክም ግን አይድንም፣ ቅባት ተቀብቶ አንቲባዮቲክ ተውጦ እንዳለ ነው፣ አንዳንዱማ በባህል መድሃኒት ተቃጥሎ ነው የሚደርሰን። ሐኪሙ ቁንጭር (ሌሽማኒያ የሚባለው ፓራሳይት የሚያመጣው የቆዳ ቁስል) ጠርጥሮ ይልክልኛል፣ ስላይድ ሰርቼ በጂምዛ ቀለም ቀልሜ ስፈልግ ብዙ ጊዜ አማስቲጎት (ፓራሳይቱ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ክብ ቅርጽ) አላገኝም። ኔጌቲቭ ብዬ ስጽፍ ስጋ ደዌ ይሁን የቆዳ ቲቢ ይሁን ግራ ይገባዋል፣ ሪፈር ይጽፋል፣ በቡና ለቀማ ሰሞን ደግሞ ማሳውን ጥሎ ከተማ የሚሄድ ማን አለ፣ ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ቤቱ ይገባል በቃ።
ላምፕ የሚሉት የዲኤንኤ ምርመራ እንደኛ መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቦታ ይሰራል ወይ? ደሞ ለቲቢ የምንጠቀምበት ጂንኤክስፐርት የሚባለው የዲኤንኤ ማሽን እዛው እያለ ለምን ለዚህ አናውለውም?

ፕራይመር፦
እህቴ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጂንኤክስፐርቱ ማንበብ የሚችለው ካርትሬጁ (ናሙናው የሚገባበት እቃ) የተሰራለትን ነገር ብቻ ነው፣ የኛ ካርትሬጅ ደግሞ ለቲቢ ነው፣ ሌሽማኒያ አያይም።
ላምፕ ግን ተስፋ አለው። ፒሲአር የሚባለው ተራው የዲኤንኤ ማባዣ ሙቀቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ስለሚሰራ ውድ ማሽን ይፈልጋል፣ ላምፕ 65 ዲግሪ አካባቢ ላይ አንድ ቦታ ሆኖ ነው ዲኤንኤውን የሚያባዛው፣ ስለዚ ሙቀት የሚይዝ ትንሽ ብሎክ ይበቃዋል፣ ያ ደግሞ በባትሪም ይሄዳል። ኤይከን የሚባለው የጃፓን ካምፓኒ ያወጣው የሌሽማኒያ ኪት ሪኤጀንቱ ደርቆ ቲዩቡ ክዳን ውስጥ ነው ያለው፣ ፍሪጅ ሳይፈልግ እስከ 30 ዲግሪ ይቀመጣል፣ 40 ደቂቃ አካባቢ ይሮጣል፣ ፖዘቲቭ ከሆነ በዩቪ መብራት አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። አርፒኤ የሚባል እንደ ላምፕ ዲኤንኤ የሚያባዛ ሌላ መንገድም አለ፣ እሱ 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ በ20 ደቂቃ ያልቃል፣ ውጤቱን እንደ እርግዝና ምርመራ በስትሪፕ ማንበብ ይቻላል።
ሰው ሁሉ ስለ ማሽኑ ነው የሚያወራው፣ ስራው የሚከብደው ግን ከዛ በፊት ነው። ዲኤንኤውን ከቆዳ ማውጣት አለ፣ አፍልቶ በሴንትሪፉጅ አዙሮ የሚወጣበት ቀላል መንገድ አለ ግን እሱም ንጹህ እጅ ይፈልጋል። ደሞ ላምፕ በጣም ብዙ ኮፒ ስለሚያመርት ሲጨርስ ቲዩቡን መክፈት የለም፣ አንዴ ከተከፈተ ጠረጴዛው ይበከልና ከዛ በኋላ ሁሉም ሰው ፖዘቲቭ ይሆንብሻል። ናሙና የሚዘጋጅበትና ምርመራው የሚሮጥበት ክፍል መለየት አለበት፣ በያንዳንዱ ዙር ኔጌቲቭ ኮንትሮል (ፓራሳይቱ የሌለበት መሆኑ የሚታወቅ ናሙና) መግባት አለበት። ይሄን ማድረግ የማይቻልበት ቦታ ላምፕ ባይገባ ይሻላል ባይ ነኝ።

የጤና መኮንኑ፦
ምን ይሄን ሁሉ አመጣው፣ ሬፒድ ኪት አለ እኮ። አርኬ39 ከጣት ደም ወስዶ በደቂቃዎች ውስጥ ይነግርሃል፣ መተማ በነበርኩበት ጊዜ በየቀኑ ነበር የምንሰራው።

ፕራይመር፦
ወንድሜ እሱ ለካላአዛር ነው፣ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ለሚገባው። ደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ ነው የሚፈልገው፣ ቁንጭር ላይ ደግሞ አንቲቦዲው ትንሽ ነው ወይም የለም፣ ስለዚ ኔጌቲቭ ቢል ምንም አያረጋግጥም። ለቆዳው ተብሎ የወጣ ሬፒድ ቴስትም ነበር፣ ሲኤል ዲቴክት የሚባለው፣ ከቁስሉ ናሙና የፓራሳይቱን ፕሮቲን ይፈልጋል፣ እኛ አገር ሲሞከር ግን ከታማሚዎቹ ግማሹን እንኳን አልያዘም። የኛ ቁንጭር በብዛት ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ ነው፣ ከሽኮኮ በአሸዋ ዝንብ የሚመጣው፣ የውጭ ኪት ደግሞ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ለሌላው ዝርያ ታስቦ ነው የሚሰራው። ማንኛውም አዲስ ነገር ሲመጣ ኢትዮፒካ ላይ ተሞክሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ እኔ ይሄን ሳላይ አልገዛም።

ቆዳ ክፍል፦
ከህክምናው በኩል ልጨምር። መረጋገጡ ለምን ያስፈልጋል ላላችሁ፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባለውን መርፌ ስንሰጥ በኪሎ 20 ሚሊግራም በየቀኑ ለ28 ቀን ነው፣ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል፣ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) እና የደም ምርመራ እያየን ነው የምንሰጠው። ይሄን የስጋ ደዌ ታማሚ ላይ በግምት መጀመር አይቻልም። ትንሽ ቁስል ከሆነ እዛው ቁስሉ ላይ መውጋት ወይም በናይትሮጅን ማቀዝቀዝ አለ፣ እሱም ቢሆን ምን እንደሆነ ታውቆ ነው። በአገራችን በአመት ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው ይያዛል ተብሎ ነው የሚገመተው፣ የሚያክሙ ቦታዎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ አለርት፣ ቦሩ ሜዳ፣ ጎንደር እያልክ ትጨርሳለህ። ፊት ላይ ጠባሳ የቀረባት ልጅ ትምህርት ቤት የምታቆምበት አገር ላይ ይሄ ትንሽ በሽታ አይደለም እና በጣም ያናድደኛል።
ደሞ አንድ ነገር፣ ዲኤንኤ ምርመራ ከህክምና በኋላ ድኗል አልዳነም ለማለት አይሆንም፣ ቁስሉ ከዳነም በኋላ ጠባሳው ውስጥ ዲኤንኤ ሊገኝ ይችላል። እዛ ላይ በአይን አይታችሁ ወስኑ።

አጋሮ፦
እኛ አካባቢ ኦንኮ (በጥቁር ዝንብ የሚተላለፈው የትል በሽታ) ነው ሰው የሚያውቀው። እሱም ላይ ድሮ ከቆዳ ቁራጭ ወስደን ሳላይን ውስጥ ከተን ትሉ ሲወጣ በማይክሮስኮፕ ነበር የምናየው፣ አይቨርሜክቲን የሚባለው መድሃኒት ለአመታት ከታደለ በኋላ ግን ትሉ በጣም ስለቀነሰ በማይክሮስኮፕ ማግኘት ከበደ፣ አሁን ጥቁር ዝንቡን ሳይቀር ሰብስቦ በፒሲአር ነው የሚመረመረው። አዲስ አበባ ላይ ይሄን የሚሰሩ ልጆች አሉ፣ ማለቴ እውቀቱ አገር ውስጥ አለ፣ ወደኛ አልወረደም እንጂ።

የላቧ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እሺ ኪቱ እስኪመጣ አሁን ባለኝ ነገር ምን ላድርግ?

ፕራይመር፦
ናሙናውን ከመሀል አትውሰጂ፣ መሀሉ የሞተ ስጋና ባክቴሪያ ነው። ከፍ ካለው ጠርዝ፣ ቅርፊቱን አንስተሽ አጽድተሽ፣ በሁለት ጣት ጨምቀሽ ደሙ ሲሸሽ በምላጩ ጫፍ ፍቀሽ ውሰጂ፣ ደም ከበዛበት ፓራሳይቱ ይጠፋብሻል። ኒውክለሱንም ኪኔቶፕላስቱንም (አጠገቡ ያለውን ትንሽ ዘንግ መሰል ነገር) አንድ ላይ ካላየሽ አማስቲጎት ነው እንዳትዪ። የቆየ ቁስል ላይ ፓራሳይቱ ራሱ ጥቂት ነው፣ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ፣ መቶ እይታ ላይ ከማቆም አንድ ሺህ እይ። ኔጌቲቭ የሆነውን ስላይድ ደግሞ አትጣይው፣ ከተቀለመ ስላይድ ላይ ተፍቆም ዲኤንኤ ይወጣል። ትርፍ ናሙና ካለሽ ፊልተር ፔፐር ላይ አድርቀሽ በፖስታ አሽገሽ ያዢ፣ ያለ በረዶ ዩኒቨርሲቲ ላብ ድረስ ይሄዳል፣ ሰውየው ሳይሄድ ናሙናው ይሄዳል ማለት ነው።

የላቧ ልጅ፦
ባዮፕሲ ከተወሰደስ በምን ላስቀምጠው?

ቆዳ ክፍል፦
አልኮል ውስጥ፣ ኤታኖል 70 እና ከዛ በላይ። ፎርማሊን ውስጥ የሚገባው ለፓቶሎጂ የሚሄደው ቁራጭ ብቻ ይሁን፣ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ይቆራርጠዋል፣ ስለዚ ሐኪሙ ሲወስድ ከመጀመሪያው ለሁለት እንዲከፍለው ንገሪው።