የውሃ ታሪፍ፣ የመብራት ሒሳብና የንግድ ፈቃድ እድሳት፦ ለየትኛው ቢሮ ላመልክት? (ባሕር ዳር)

ጥያቄ፦ የዓሣ ቤቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር አነስተኛ የዓሣ ምግብ ቤት አለኝ። ጉላሽ፣ ኮተሌትና ለብለብ እንሠራለን። ቤቱ የኪራይ ነው። ሁለት ፍሪዘር አለኝ፤ ቀንም ሌሊትም አይጠፉም።

ሰሞኑን በሰፈራችን የከተማው ምክር ቤት በቀጣዩ ጉባኤው የውሃ ታሪፍ ጭማሪና የንግድ ፈቃድ ክፍያ ሊያይ ነው እየተባለ ነው። የመብራቱም ሒሳብ በየጊዜው ከፍ እያለ ነው። ጎረቤቶቼ ተፈራርመን አንድ ማመልከቻ እናስገባ ብለው መጻፉን ለእኔ ሰጡኝ። ሦስቱንም በአንድ ደብዳቤ ብናደርገው ያዋጣል?

ሌላው፣ ፈቃዴን ገና አላሳደስኩም። ክፍያው እስኪወሰን ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ልጨርስ? መብራቱም ውሃውም በአከራዬ ቆጣሪ ነው የሚመጣው፤ ከላይ የሚኖሩት እሳቸው ናቸው፣ ድርሻሽ ይህን ያህል ነው ሲሉኝ እከፍላለሁ። በምግቡ ላይ ዋጋ ብጨምር ደንበኛ ይሸሻል። ባልጨምር ደግሞ አብረውኝ ከሚሠሩት ልጆች አንዷን ላሰናብት ነው፤ ይህን ደግሞ በጭራሽ አልፈልገውም። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ፋሲሎ

እህቴ፣ ከፈቃዱ ልጀምር፤ እሱ ቀን አለው። እድሳት ያለ ቅጣት የሚስተናገደው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ከጥር 1 ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 በቅጣት ነው። በዚያም ካለፈ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ያኔ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ ምን ይወስን ይሆን ብለሽ አትጠብቂ። ጉባኤው ቢዘገይ የአንቺ ቀን አይራዘምም።

መጀመሪያ የግብር ክሊራንስ ያዢ፤ የግብር ዕዳ እንደሌለብሽ የሚያረጋግጥ ወረቀት ነው። ያለ እሱ እድሳት የለም። ምግብ ቤት ስለሆንሽ የጤና ብቃት ማረጋገጫሽን ቀኑን እዪው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል። የኪራይ ውሉ ጊዜው ካለፈ ከአከራይሽ ጋር አድሱት። እድሳቱ አሁን ኢትሬድ በሚባለው የመንግሥት የንግድ ፈቃድ ድረ ገጽ በኦንላይን ይሠራል። ከመጀመርሽ በፊት ግን ፈቃዱ ላይ ያለው ስም፣ አድራሻና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽ ክሊራንሱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጪ። አንድ ፊደል ከተለየ መመላለስ ይመጣል።

«የንግድ ፈቃድ ክፍያ ሊጨምር ነው» የሚለውን ወሬ ደግሞ አጥሩት። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጁ፣ ቁጥር 980/2008፣ የፌዴራል ነው። በከተማ ደረጃ የሚነሱት ብዙ ጊዜ እንደ ጽዳትና ታፔላ ያሉ የማዘጋጃ ቤት ክፍያዎች ናቸው። ሰው ሁሉንም «የፈቃድ» ይለዋል። ደብዳቤያችሁ ላይ የትኛውን ክፍያ እንደምትሉ በስሙ ካልጠራችሁት «ይህ እኛን አይመለከትም» ተብሎ ይመለሳል።

መልስ፦ ኤሌክትሪሻን፣ አባይ ማዶ

የመብራቱን እኔ ልመልስ። እሱን ከምክር ቤቱ ደብዳቤ አውጡት። የኤሌክትሪክ ታሪፍ በባሕር ዳር አይወሰንም። የአገር አቀፍ ታሪፍ ነው፤ ተቆጣጣሪው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው፣ ሰብሳቢው መብራት ኃይል። አሁን ያለው ጭማሪ ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲገባ የወጣ ነው። ለዚህ ነው ሒሳቡ ከፍ ከፍ የሚለው። የከተማው ምክር ቤት ቢፈልግም ሊያስቆመው አይችልም። በአንድ ደብዳቤ ከጻፋችሁት ለውሃው የምታገኙትን መልስ ጭምር ያበላሽባችኋል።

ይልቅ ስለ ቆጣሪው እንነጋገር። የአከራይሽ ቆጣሪ በመኖሪያ ቤት ታሪፍ የተመዘገበ ከሆነ ሒሳቡ በእርከን ነው የሚሄደው፤ ፍጆታው ሲጨምር ዋጋውም ይጨምራል። የእሳቸው ምጣድና የአንቺ ፍሪዘር ሲደመሩ ከፍተኛው እርከን ላይ ልትወጡ ትችላላችሁ። ለምሳሌ ከ2017 በፊት በነበረው ታሪፍ በወር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም መኖሪያ ቤት በኪሎዋት ሰዓት 2 ብር ከ48 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ንግድ ቤት ግን 2 ብር ከ12 ሳንቲም ነበር። የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ሁልጊዜ ይረክሳል የሚባለው ልክ አይደለም። አሁን ያለውን ሁለቱንም ዋጋ ከአገልግሎት መስጫው ጠይቂና አወዳድሪ። ከዚያ በስምሽ የንግድ ቆጣሪ ማስገባቱ እንደሚያዋጣ ወይም እንደማያዋጣ በቁጥር ታውቂዋለሽ።

ፍሪዘሩንም እዪው። ሞተሩ 200 ዋት ቢሆንና ከ24 ሰዓቱ ግማሹን ቢሠራ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ሁለቱ 144 ማለት ነው። የበሩ ጎማ ካረጀ ግን ሞተሩ አያርፍም። አንድ ወረቀት በሩ ላይ አድርጊና ዝጊው፤ ከዚያ ሳቢው። ያለ ምንም ችግር ሸርተት ብሎ ከወጣ ጎማው አልቋል። ጎማውን አስቀይሪው። በረዶው ጣት ካከለም አጥፊና አሟሚው። ከምድጃው አርቂው፤ ብዙ ዓሣ ቤት ገብቼ የማየው ፍሪዘሩ መጥበሻው አጠገብ ተደግፎ ነው።

መልስ፦ ጡረተኛ፣ ሽምብጥ

ልጄ፣ በውሃ ሥራ ላይ ነው ያረጀሁት፤ ስለዚህ የውሃውን ለእኔ ተይው። ይኸኛው በእርግጥ የከተማው ጉዳይ ነው። የውሃ አገልግሎቱ በቦርድ ይመራል፤ የታሪፍ ጥናቱም በከተማው አስተዳደርና ምክር ቤት ነው የሚታየው። ድምፃችሁ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው።

ግን እባካችሁ «ጭማሪው ይቅር» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ጣና አጠገባችን ስላለ ውሃው በነፃ የሚመጣ ይመስለናል። ከቧንቧችን የሚወርደው ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ ተገፍቶ ነው። ፓምፑ በመብራት ይሠራል። ኤሌክትሪሻኑ ወንድማችን ያነሳው ጭማሪ እዚያም ገብቷል። ክሎሪኑም፣ መለዋወጫውም ዋጋቸው የድሮው አይደለም። ይህን የሚያውቅ ሰው የጻፈው ደብዳቤ ይከበራል።

የምትጠይቁት ይህን ይሁን። ጭማሪው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደረጃ ይግባ። አነስተኛ ምግብ ቤት ከትልቅ ሆቴል ጋር በአንድ መደብ አይቀመጥ። የጥናቱ ሒሳብ ለሕዝብ ይገለጽ። የቦኖ ውሃ የሚቀዳው ሰው ላይ ጭማሪው እንዳይጫን ደግሞ ስለ እናንተ ባይሆንም ጻፉት። ምግብ ቤትሽ በር ላይ ዓሣ የምታጥበው ሴት ጀሪካኗን ከየት እንደምትሞላ ታውቂያለሽ።

አንድ ሜትር ኩብ ማለት 1000 ሊትር ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን 50 ጀሪካን ይሆናል። በቀን ስንት ጀሪካን እንደምትጠቀሚ ቁጠሪና በ30 አባዢው። ለ50 አካፍዪው። የወር ፍጆታሽ እሱ ነው። አከራይሽ ከሚነግሩሽ ጋር በጣም ከተራራቀ ደግሞ የሚያፈስ ነገር ይኖራል። ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን እዩት። ያኔም ከዞረ ውሃው የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሽንት ቤቱ ነው።

መልስ፦ ጁስ ቤት፣ ቀበሌ 14

ጋሼ ያሉትን አከብራለሁ። በአንድ ነገር ግን አልስማማም። እኛ ትንንሾቹ ሁልጊዜ «ወጪው ስለጨመረ» እየተባልን ስንቀበል ኖረናል። ገበያው ቀዝቅዟል፣ ኪራዩ አልቀዘቀዘም። በደረጃ ይግባ ማለት ዘንድሮ ትንሽ፣ ከርሞ ትንሽ፣ መጨረሻ ላይ ያው ነው። እኔ ብሆን ጭማሪው ከአገልግሎቱ ጋር ይታሰር ብዬ እጽፋለሁ። የየሰፈሩ የውሃ ፕሮግራም በጽሑፍ ይውጣ። በፕሮግራሙ ቀን ካልመጣ ለነጋዴው ምን እንደሚታሰብለት ይነገር። ውሃ በሌለበት ቀን ጁስ ቤት ይዘጋል፤ ዓሣ ቤትም እንደዚያው።

መልስ፦ ጡረተኛ፣ ሽምብጥ

ልክ ነህ ልጄ። የስርጭት ፕሮግራሙን ጨምሩት። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የዓሣ ቤቷ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ክሊራንሱን ነገ እጀምራለሁ። የፍሪዘሩን ጎማ በወረቀት አየሁት፤ አንደኛው ወረቀቱን ጨርሶ አልያዘውም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አከራዬን ስለ ቆጣሪው እንዴት ላናግራቸው? ትልቅ ሰው ናቸው፣ አላመነችኝም እንዲሉ አልፈልግም። ደብዳቤውስ ለማን ይጻፍ?

መልስ፦ ሻይ ቤት፣ ግሽ አባይ

የእኔም አከራይ እናት ናቸው፤ እንደ ልጅ ነው የምንኖረው። «እትዬ፣ እኔ ብዙ ስጠቀም እርስዎን እንዳልጎዳ የራሴን ልወቀው» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ የኔን መስመር ብቻ የምታነብ ትንሽ ቆጣሪ በባለሙያ አስገጠምኩ። ወር ሲሞላ አብረን እናያለን፣ በደብተር እንጽፋለን። የፍጆታ ወረቀቱን ኮፒም ይሰጡኛል። ኮፒው ለሒሳብሽም ይጠቅምሻል። ወጪሽን ያለ ማስረጃ ብትናገሪ ማንም አይይዝልሽም።

ስለ ዋጋውም ልበልሽ። ሁሉም ላይ አትጨምሪ። ጉላሽና ለብለቡን ባለበት ተይው፤ የዘወትር ደንበኛ የሚበላው እሱን ነው። ሙሉ ዓሣ ጥብስ ላይ ትንሽ ጨምሪ። እሱን የሚያዘው እንግዳና የሰንበት ሰው ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ዓሣ የሚበላው ሰው ስለሚበዛ ለዚያ ወቅት የሚሆን ቀረሶ ዓሣ ከአሥጋሪዎቹ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። ልጅቷን አታሰናብቺ። በጾሙ ጊዜ ራስሽ ትፈልጊያታለሽ።

መልስ፦ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ፋሲሎ

ደብዳቤው ለከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ይጻፍ። ግልባጭ ለውሃ አገልግሎቱና ለከተማው የንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት። አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ ያለ መብት ነው፤ ስለዚህ ማንንም ሳትፈሩ ጻፉ።

አንድ ገጽ ይበቃል። ውሃው ብቻ ይሁን። የማዘጋጃ ቤቱን ክፍያ የምታነሱ ከሆነ በሌላ ወረቀት አድርጉት። እያንዳንዱ ፈራሚ ስሙን፣ የድርጅቱን ስምና የፈቃድ ቁጥሩን ይጻፍ። ከፈራሚዎቹ የሦስት ወይም የአራት ቤት የውሃ ሒሳብ ወረቀት አያይዙ፤ ያለፈውንና የአሁኑን ጎን ለጎን። የሰፈራችሁን ተመራጭ የምክር ቤት አባል ከጉባኤው በፊት ሄዳችሁ አነጋግሩ። ጉባኤው ላይ እጁን አውጥቶ የሚናገረው እሱ ነው፤ ወረቀቱ በእጁ ይግባ።

መዝገብ ቤት ስታስገቢ ሁለት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። አንዱ ላይ ቁጥርና ቀን ጽፈው ማኅተም ያድርጉልሽ፤ እሱን አትስጪ፣ ያንቺ ነው። በሳምንቱ ቁጥሩን ይዘሽ ወደየትኛው ቋሚ ኮሚቴ እንደተመራ ጠይቂ። ከዚያ ኮሚቴውን ራሱን ታገኛላችሁ።

የዓሣ ቤቷ

እሺ። ዛሬ ማታ ከጎረቤቶቼ ጋር እንቀመጣለን። ውሃውን ብቻ እንጽፋለን፣ የሒሳብ ወረቀቶቹንም እያሰባሰብኩ ነው። ቀበሌ 14 ያለኸው ወንድሜ፣ የስርጭት ፕሮግራሙን በራስህ ቃል ጽፈህ ብትልክልኝ እንዳለ አስገባዋለሁ። ከፈለግክ መጥተህ ፈርም፤ ጁስ ቤቶችም ቢኖሩበት ይሻላል።