ልጄ ወደ 11ኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ?

ጠያቂ (እናት፣ ባሕር ዳር)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍልን ትጨርሳለች። ምኞቷ ነርስ መሆን ነው። በባዮሎጂና በእንግሊዝኛ ጎበዝ ናት፤ ፊዚክስ ግን ያስጨንቃታል። አጎቷ «ማኅበራዊ ትግባ፣ ቀላል ነው፤ በኋላ ትቀይራለች» ይላል። በ12ኛ ክፍል ፈተና ስንቱ ልጅ እንደሚቀር እያየሁ እኔም ፈርቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ስንት ማምጣት አለባት? የምታውቁ ምከሩኝ።

የፊዚክስ መምህር
እህቴ፣ እኔን ያሳሰበኝ «በኋላ ትቀይራለች» የሚለው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ተማሪው በተማረበት ዘርፍ ነው፤ ነርሲንግ፣ ሕክምናና ምህንድስና ደግሞ የሚሰጡት ለተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች ነው። ሕግ ወይም ኢኮኖሚክስ ብትመኝ ኖሮ ሌላ ነገር እመክርዎ ነበር።

ቀላል ነው የሚባለውንም አልቀበልም። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተና) በሁለቱም ዘርፍ አሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ ሌላው ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። ማለፊያው ከድምሩ 50 በመቶ ነው፤ ስድስቱ ትምህርቶች ከ600 ሲታሰቡ 300 ማለት ነው። ስለዚህ ፊዚክስ ላይ 40 ብታመጣ እንኳ ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ሊያካክሱላት ይችላሉ። መፍራትዎ ግን ተገቢ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞች ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሰዋል።

አንድ ነገር ይመልከቱልኝ፦ የሚያስቸግራት ፊዚክሱ ነው ወይስ በውስጡ ያለው ሒሳብ? ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ሐሳቡን ይረዱታል፤ ቀመሩን ማገላበጥ ላይ ግን ይቆማሉ። ይህ በአንድ ክረምት የሚስተካከል ነው።

ከዘጌ
በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ምኞቱ የልጅቷ የራሷ መሆኑን አጣሩ። የእህቴን ልጅ ታሪክና ጂኦግራፊ እየወደደች በጎረቤት ወሬ ተፈጥሮ ሳይንስ አስገቧት፤ አሁን መጽሐፍ ስትከፍት ፊቷ ይጠቁራል። ልጅን እንዲህ ማስጨነቅ አይገባም።

የነርሲንግ ተማሪ
እናቴ፣ 300 በሩን ይከፍታል እንጂ ነርሲንግን አያስገኝም። አንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ነው፤ የትምህርት ክፍል የሚገኘው ከዚያ በኋላ በውጤት ተወዳድሮ ነው። ስንመረቅ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 በመቶ። ሥራ ለመጀመር ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ምዘና ይቀራል። ይህን ሁሉ ከወዲሁ ትወቀው። ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚሠሩ ነርሶች የምታውቁ ከሆነ ስለ ሌሊት ተረኝነት ትጠይቃቸው፤ ሙያው ነጭ ጋውን ብቻ አይደለም።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 300 ባይሞላላትስ?

የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ
ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሬሜዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ነው፤ የመግቢያ መቁረጫ ነጥቡ ከውጤት በኋላ ስለሚገለጽ የዓምናውን ይዛችሁ አትወስኑ። ሁለተኛው ቴክኒክና ሙያ ነው። እዚህ ላይ የኮሌጁ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ቀጣሪ የሚጠይቀው የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲ የምንለውን ነው።

የግል ኮሌጅ ካሰባችሁ ተጠንቀቁ። የዲግሪ ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ በጅምላ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ካምፓስ ለየብቻ ነው። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ነርሲንጉ በዚያው ካምፓስ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ማስታወቂያ አትመኑ፤ ብዙ ወላጅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ጠያቂ
ለአጎቷ አነበብኩለት፤ እሱም ተስማማ። ተፈጥሮ ሳይንስ ትመዘገባለች። መምህር፣ ክረምቱን ከየት ትጀምር?

የፊዚክስ መምህር
ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ፣ በቀጥታ መስመር ላይ የሚደረግ እንቅስቃሴ ከሚለው ምዕራፍ። ምሳሌዎቹን መልሱን ሸፍና ራሷ ትሥራ፤ ያቃታትን ጥያቄ እዚህ ላኩልኝ።